በወሎ የበይነ መረብ ጽሑፍ የሚዘወተሩ የፊደልና የሰዋስው ስሕተቶች

የወሎ ሰው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በስልክ መልእክት በየዕለቱ የሚጽፈው አማርኛ ሁለት ዓይነት ግድፈት ይታይበታል። አንደኛው አማርኛ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ያለ እውነተኛ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ተብሎ የሚታረም የአካባቢው አነጋገር ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአገሩ ሰው ራሱን የሚጠራበት ቃል እንኳ አንዱ ዘንድ «ወሎየ»፣ ሌላው ዘንድ «ወሎዬ» ነው። እዚህ ወሎ የተባለው ዛሬ በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የተከፈለው የቀድሞው ክፍለ ሀገር ክፍል ነው።

የጽሕፈት ታሪክ

ወሎ የፊደል አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዘመኑ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነበር፤ በስማቸው የሚታወቀው የወንጌል ብራናም እስከ ዘመናችን ደርሷል። የቅኔ ቤቶች ሲቆጠሩ የወሎው ዋድላ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ይነሣል። ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ያከራክራል፤ እዚህ ግን ዋድላ መጀመሪያ ይጠራል።

በአብነት ትምህርት ቤት ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሞክሼ ፊደላት እያንዳንዳቸው መጠሪያ አላቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ተማሪው አንዱን በሌላው ቢተካ መምህሩ ዝም አይሉም፤ በግዕዝ ፊደሉ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣልና። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። በአማርኛም «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ደሃ መሆን። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ስለሆነ ትምህርት በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ።

ሁለተኛው የጽሕፈት ቤት በእስልምናው በኩል ነው። የወሎ ሼኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። በዚህ መንገድ መንዙማ ከደረሱት አንዱ ሼኽ ጣልሃ ቢን ጀዕፈር ናቸው። ዐረብኛ የአማርኛን ሰባት አናባቢዎች የሚሸከም ምልክት ስለሌለው ዐጀሚን ለማንበብ ግጥሙን አስቀድሞ በጆሮ ማወቅ ይረዳል። ተነባቢዎቹን በተመለከተ ግን ዐረብኛ አማርኛ የደባለቃቸውን ሦስቱን ሀ እና ሁለቱን አ በድምፅ ጭምር ይለያቸዋል። ስለዚህ ቂርአት (የእስልምና ትምህርት) የተቀመጠ ደረሳ (ተማሪ) «ሐሰን» በሐመሩ፣ «ዑመር» በዐይኑ የሚጻፉበትን ምክንያት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። የአማርኛ ምላስ የጣለውን ልዩነት በአንድ አገር የቅኔ ተማሪውና ደረሳው፣ እርስ በርስ ሳይማከሩ፣ ጠብቀው አቆይተውታል። የዚህ ጽሑፍ አጠናቃሪ ከወሎ ታሪክ የሚኮራበት ነገር ቢጠየቅ ይህን ከፊተኞቹ መካከል ያስቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ መደባለቁን ስልክ አላመጣውም። በመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ላይም ሠ እና ሰ፣ ሀ እና ሐ ሲቀያየሩ ይታያሉ፤ በእጅ የጻፉት ሊቃውንትም ሰዎች ነበሩ።

የጽሕፈት መኪናው ዘመን ለዚህ ርዕስ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሞክሼዎቹና የስልኩ ገበታ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መተየቢያ የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ ብዙ ሰውም አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ፣ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ አንድ ሆነው ቀሩ። ዛሬ በስልክ የሚተየበው በአብዛኛው በድምፅ ነው። በብዙዎቹ ገበታዎች ቀላሉ ቁልፍ ሃሌታው ሀን፣ እሳቱ ሰን እና አልፋው አን ያወጣል፤ ሐመሩ፣ ንጉሡና ዐይኑ ተጨማሪ መጫን ይፈልጋሉ። «ስራ»፣ «ህዝብ»፣ «አመት» የበዙት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አውራ ጣት አጭሩን መንገድ ይመርጣል።

እነዚህን ስሕተት ማለት ይገባል ወይ? የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በደርግ ዘመን ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በልማድ ላይ ግን አልጸናም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፣ ከርዕሱ ጀምሮ «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ ይጽፋል፤ ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይቀነስ የሚሉት ወገኖች አንባቢ ከዐውዱ ይረዳል ይላሉ፤ በተራ መልእክት እውነታቸውን ነው። ችግሩ ፍለጋ ላይ ይመጣል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል መጀመሪያው በሁለት፣ መካከሉ በስድስት ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል አንድ ቃል 12 መልክ አለው፤ ቀላል የመፈለጊያ መሣሪያ አንዱን መልክ ሲፈልግ አሥራ አንዱን ላያይ ይችላል።

ከሞክሼ ውጭ ያሉት ግድፈቶች

እዚህ ላይ ማለሳለስ አያስፈልግም። «አመሰግናለው»፣ «እመጣለው»፣ «እወድሻለው» ስሕተት ናቸው፤ የአንደኛ መደብ መድረሻ «ሁ» ነውና «አመሰግናለሁ» መባል አለበት። «ትናንት መጣው» ብሎ የጻፈ ሰው «መጣሁ» ማለቱ ነው፤ የጻፈው ግን ስለ ሌላ ሰው ሊነበብ ይችላል። «ነው» የሚለውን «ነዉ»፣ «ውሃ» የሚለውን «ዉሃ» ማድረግም ተስፋፍቷል።

በዓል በመጣ ቁጥር «እንካን አደረሳችሁ» ይጎርፋል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ በዒድ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ በገና ስለሚጽፍ ይህ ግድፈት በዓመት የሚመላለስበት ጊዜ ከሌላው አገር ሳይበዛ አይቀርም። ትክክለኛው «እንኳን» ነው። የከንፈር ድምፅ ያላቸው ፊደላት በገበታው ላይ ተሸሽገው ስለሚገኙ «ጓደኛ» «ጉዋደኛ»፣ «ወደ ኋላ» ደግሞ «ወደ ኃላ» ይሆናል። በኀዘን ጊዜ «ነብስ ይማር» የሚለው «ነፍስ ይማር» መሆን ነበረበት፤ ለሐዘንተኛ ግን እርማት አይላክም። «ኢትዮጲያ»፣ «ዩሐንስ»፣ «አደለም» የሚሉትም በየዕለቱ ይታያሉ።

በሰዋስው በኩል የሚያሳፍረው የግዕዝን ብዙ ቁጥር እንደገና ማብዛት ነው፤ «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»። ቃላት፣ መምህራን፣ ሕፃናት አስቀድመው ብዙ ናቸው። ይህን የሚጽፉት ብዙ የተማሩ ሰዎች ጭምር ናቸው። ከዚህ ሌላ መስተዋድድን ከስሙ መነጠል («ለ አንተ»፣ «በ ደሴ») እና መለያየት ያለበትን ማጣበቅ («ጥሩነው») አሉ። በአራት ነጥብ (።) ምትክ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ይተየባል፤ ለዐይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር አይደለም።

አነጋገር ወይስ ስሕተት?

«አይቸ መጣሁ»፣ «ሄጀ ነበር»፣ «እናትየ» ብሎ የጻፈ ወሎየ «አይቼ»፣ «ሄጄ»፣ «እናትዬ» በል ተብሎ ይታረማል። እርማቱ ትክክል አይደለም። ቸ፣ ጀ እና የ በወሎም በጎጃምም በጎንደርም የሚሰሙት እንደዚያ ነው፤ ከሰሜን የመጡ ደራስያንም በታተሙ መጻሕፍት እንዲሁ ጽፈዋል። ኃምሱ (ቼ፣ ጄ፣ ዬ) የአዲስ አበባ ጆሮ የሚፈልገው ነው። «ሄድኩ» የሚለውም «ሄድሁ» የሚለውን በሕግ አልሻረውም፤ በብዛት አሸንፎታል እንጂ። «ተቤት መጣሁ»፣ «ተዚያ ወዲያ» የሚለው ተ ከ-ን የሚተካ የቆየ አነጋገር ነው፤ ለማመልከቻ ባይመች ለወዳጅ በሚጻፍ መልእክት ምንም ነውር የለበትም። «አብሽር» የሚለውን ማበረታቻ ቃል የስልኩ ማረሚያ «አበሽር» ቢያደርገው ጥፋቱ የማረሚያው ነው።

ከሚሴና አካባቢዋ ኦሮምኛን በቁቤ፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይጽፋሉ፤ የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ የአገሯን ቋንቋ ኽምጣኛንም በግዕዝ ፊደል ትጽፋለች።

የቦታ ስሞች

የሐይቅ ከተማ ስም በግዕዝ የባሕር ዳርቻን የሚያመለክት ቃል ስለሆነ በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» ግን ብዙ ናቸው። ወልዲያ «ወልድያ»፣ ኮምቦልቻ «ኮምበልቻ»፣ ተሁለደሬ «ቴሁለደሬ» እየተባሉ ይጻፋሉ፤ እዚህ ላይ አንዱን ትክክል ብሎ መፍረድ ይከብዳል። ወረኢሉ፣ ወረባቦና ወረሂመኖ አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተነጣጥለው ይታያሉ። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ስለሆነ መነጠሉም ምክንያት አለው። ኽምራ በሃሌታው ሀ «ህምራ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ የአገሩ ሰው ከጉሮሮው የሚያወጣው ኽ ከስሙ ይጠፋል።