ባክሊንክ መቁጠሪያዎች ለምን አይስማሙም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በገላን ብሎኬት የሚያመርት፣ በለገጣፎ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ወይም በሰበታ የቤት ዕቃ የሚሠራ ሰው ድረ ገጽ ካሠራ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል፦ «ባክሊንክዎ በዚህ መሣሪያ 12፣ በዚያኛው 340 ነው፤ ይክፈሉና እንጨምርልዎ።» ባክሊንክ ማለት ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ ድረ ገጽ የሚያመጣ ሊንክ ነው። የሚቆጥሩት መሣሪያዎች ይጠቅማሉ። ገንዘብ የሚባክነው ቁጥራቸው በስህተት ሲነበብ ነው።

«ሁለት መሣሪያዎች የተለያየ ቁጥር ካወጡ አንዱ ተሳስቷል»

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ባክሊንክ የሚቆጥሩት አህሬፍስ፣ ሴምረሽ፣ ሞዝ እና ማጀስቲክ ኢንተርኔቱን በየራሳቸው ቦት፣ ማለትም ገጾችን በራሱ እየከፈተ በሚያነብ ፕሮግራም፣ እየዞሩ የየራሳቸውን መዝገብ ይገነባሉ። አንዱ ቦት ትናንት ያየውን ገጽ ሌላው ገና ላይደርስበት ይችላል። አንዳንድ ድረ ገጾች ሰርቨራቸው እንዳይጨናነቅ እነዚህን ቦቶች በሮቦትስ ፋይላቸው (ለቦቶች መመሪያ በሚሰጠው ፋይል) ይከለክላሉ፤ የተከለከለው መሣሪያ ከዚያ የመጣውን ሊንክ አያየውም። ማጀስቲክማ ራሱ ሁለት መዝገብ አለው፤ የቅርቡን የያዘው «ፍሬሽ» እና ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄደው «ሂስቶሪክ»። እነዚህን ሳይለይ የሚያወዳድር ሰው እዚያው መሣሪያ ውስጥ ሁለት መልስ ያገኛል።

ከዚህ የባሰው የአጠቃቀም ስህተት ነው። አንዱ ላይ ሙሉ ዶሜኑን (በድረ ገጹ ስም ሥር ያለውን ሁሉ)፣ ሌላው ላይ የፊት ገጹን ብቻ አስገብቶ ማወዳደር የተለመደ ነው። መሣሪያዎቹ አንድን አድራሻ ብቻ፣ ሙሉ ዶሜኑን፣ ወይም ንዑስ ዶሜኖችንም ጨምሮ የመመልከት ምርጫ ይሰጣሉ፤ ሁሉም ላይ ያው ምርጫ ይሁን። ከዚያ የሊንኮቹን ድምር ይተዉትና «ሪፈሪንግ ዶሜንስ» የሚለውን፣ ማለትም ሊንክ የሰጡትን ድረ ገጾች ብዛት፣ ያንብቡ። 400 ገጽ ያለው አንድ ድረ ገጽ አድራሻዎን በየገጹ ግርጌ ቢያስቀምጥ 400 ሊንክ ሊቆጠር ይችላል፤ የሰጠው ግን አንድ ድረ ገጽ ነው። የ12 እና የ340 ዓይነት ልዩነት ሲታይ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ይህ ነው።

«ሰርች ኮንሶል ነፃ ስለሆነ ደካማ ነው»

ሰርች ኮንሶል ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ለራስዎ ድረ ገጽ መጀመሪያ መከፈት ያለበት እሱ ነው፤ መረጃው ከራሱ ከጉግል ይመጣልና። ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ለሙሉ ዶሜን ዲኤንኤስ (የዶሜኑ ቅንብር) ውስጥ የቲኤክስቲ መዝገብ፣ ማለትም ጉግል የሚሰጠው አጭር ጽሑፍ፣ ይገባል፤ ለአንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ ጉግል የሚሰጠውን ፋይል ሰርቨሩ ላይ መጫን ይበቃል። ዶሜኑ ድረ ገጹን በሠራልዎ ሰው አካውንት ከተመዘገበ ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ አካውንቱን አስቀድመው ይረከቡ። ከተረጋገጠ በኋላ በግራ በኩል «ሊንክስ» ይጫኑ፣ ቀጥሎ የውጭ ሊንኮችን ኤክስፖርት ያድርጉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰንጠረዥ 1,000 መስመር ላይ ሲያቆም ኤክስፖርቱ እስከ 100,000 ይይዛል። አዲስ የመጣውን ለመከታተል ቀን ያለበትን «ሌተስት ሊንክስ» ይምረጡ።

ጉድለቱም ይታወቅ። የሚያሳየው ናሙና ነው፤ ኖፎሎው የሆነውን (ለደረጃ እንዳይቆጠር ምልክት የተደረገበትን ሊንክ) ካልሆነው አይለይም፤ የተፎካካሪን ሊንክ ጨርሶ አያሳይም። ለተፎካካሪ የቢንግ ዌብማስተር ቱልስ ሌላ ድረ ገጽን ከእርስዎ ጎን አስቀምጦ በነፃ ያወዳድራል። የአህሬፍስ ነፃ ቼከርም የማንኛውንም ድረ ገጽ ሊንኮች ከላይ ከላይ ያሳያል።

«ዲኤ ጉግል የሚሰጠው ነጥብ ነው»

አይደለም። ዶሜን ኦቶሪቲ፣ ማለትም ዲኤ፣ የሞዝ ነው፤ ዶሜን ሬቲንግ ወይም ዲአር የአህሬፍስ፤ ኦቶሪቲ ስኮር የሴምረሽ፤ ትረስት ፍሎው የማጀስቲክ። ጉግል ለሕዝብ ያሳየው የነበረው የፔጅራንክ ነጥብ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። የየድርጅቱ ስሌት ስለሚለያይ የሞዝ 30 ከአህሬፍስ 30 ጋር አይወዳደርም። መለኪያውም እኩል ደረጃ የለውም፤ ከ10 ወደ 20 መውጣት ከ60 ወደ 70 ከመውጣት እጅግ ይቀልላል። እርስዎ ምንም ሳይቀይሩ ሌሎች ስላደጉ ብቻ ነጥብዎ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ቅጣት አይደለም።

«በአንድ ወር ዲአርዎን 50 እናደርሳለን» የሚል ጥቅል አይግዙ። ሻጮች ለዚሁ በተዘጋጁ ድረ ገጾች መረብ ነጥቡን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ብሎኬት የሚገዛ ደንበኛ ግን በዚያ መንገድ አይመጣም። በፍለጋ ውጤት ደረጃን ለማሳደግ ሊንክ መግዛት የጉግልን የስፓም (የማጭበርበር) ደንብም ይጥሳል።

«ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የተጋራ ሁሉ ባክሊንክ ሆኖ ይቆጠራል»

የፌስቡክ ሊንኮች ኖፎሎው ናቸው፤ አብዛኛው ፖስትም ያለ አካውንት አይከፈትም። ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ቦት አይገባም። መቁጠሪያው ላይ አለመታየታቸው ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ደንበኛ ያመጣሉ፣ ያ የሚለካው ግን ጎብኚዎችን በሚቆጥር አናሊቲክስ ነው። ኖፎሎውም ቢሆን ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉግል እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍጹም ክልከላ አያየውም።

«‹ሎስት› ካለ ሊንኩን አጥፍተውብኛል»

«ሎስት» መሣሪያው ቀድሞ ያየውን ሊንክ አሁን አጣሁት ማለቱ ነው፤ ደውለው ከመውቀስዎ በፊት ያጣሩ። ቦቱ ሲመጣ የዚያኛው ሰርቨር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ድረ ገጽ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሄዳል፤ የዶሜን ክፍያ ሳይታደስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ገጹ ወደ ሌላ አድራሻ ዞሮም ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሊንኩ የነበረበትን ገጽ ከፍተው ኮንትሮልና ዩ ይጫኑ፤ የገጹ ኮድ ሲመጣ በኮንትሮልና ኤፍ ዶሜንዎን ይፈልጉ። ካለ፣ ቦቱ በሚቀጥለው ዙር ያገኘዋል። ዓይን የሚያየው ሊንክ ኮዱ ውስጥ ከሌለ በጃቫስክሪፕት የሚጫን ነው፤ መሣሪያዎቹ የሚለያዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

«ቀይ ምልክት ያለበት ሊንክ ወዲያው መሻር አለበት»

ጉዳት ማድረስ የሚችለው አመለካከት ይህ ነው። የሴምረሽ የ«ቶክሲክ» ምልክትም ሆነ የሞዝ ስፓም ስኮር የየድርጅቱ ግምት ናቸው። ጉግል ከ2016 እ.ኤ.አ. የፔንግዊን ማሻሻያ ወዲህ ብዙውን የስፓም ሊንክ ዋጋ በማሳጣት ያልፈዋል። ሊንክ የሚሻርበት፣ ማለትም ጉግል እንዳይቆጥረው የሚጠየቅበት፣ የዲስአቫው መሣሪያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢኖርም አብዛኛው ድረ ገጽ እንደማያስፈልገው ጉግል ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ማኑዋል አክሽንስ» የሚለውን (የጉግል ሠራተኞች የጣሉት ቅጣት የሚታይበትን) ይክፈቱ። እዚያ ምንም ከሌለ፣ ሊንክም ገዝተው የማያውቁ ከሆነ፣ አይንኩት። በቀይ የተመለከተው ደንበኛ የሚልክልዎ የንግድ ማውጫ ሊሆን ይችላል፤ ዶሜኑን በሙሉ ሲሽሩ ጥሩውም ሊንክ አብሮ ይሄዳል።

የግድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የዲስአቫው መሣሪያ በዲኤንኤስ የተረጋገጠውን የሙሉ ዶሜን ንብረት አይቀበልም፤ አድራሻውን ለብቻ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አዲስ የሚጫነው ፋይል የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ይተካል፤ ስለዚህ አሮጌውን ዝርዝር አውርደው ከአዲሱ ጋር ካላዋሃዱ የበፊቱ ሥራ ይጠፋል።

«አማርኛው ስለማይነበብ ፋይሉ ተበላሽቷል»

ኤክስፖርት ያደረጉት ፋይል ደህና ነው። ኤክሴል የሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠበት) በቀጥታ ሲከፈትበት ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደሎቹ የተቀመጡበትን ስልት፣ ሊሳሳት ይችላል። ባዶ ሰንጠረዥ ከፍተው «ዳታ» ከሚለው ሜኑ ፋይሉን ያስገቡ፣ ኢንኮዲንጉን 65001 ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ። በጉግል ሺትስ መክፈትም ይቻላል። በአማርኛ የተጻፈ የገጽ አድራሻ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ መምጣቱም አያስደንግጥ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአድራሻ ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ስፓም መስሏቸው የሚሰርዙት ሰዎች አሉ፤ አይሰርዙት።

«ወርሃዊ ክፍያ የግድ ነው»

የሌሎችን ድረ ገጽ ለሚያስተዳድር ባለሙያ አዎ፤ ለአንድ ወርክሾፕ ግን አይደለም። የአህሬፍስ ላይት ወይም የሴምረሽ ፕሮ ፓኬጅ በወር ከ100 ዶላር በላይ ነው። በየሦስት ወሩ ከሰርች ኮንሶል፣ ከቢንግ እና ባለቤትነቱን ላረጋገጠ ሰው ነፃ ከሆነው የአህሬፍስ ዌብማስተር ቱልስ ኤክስፖርት ያድርጉ። ሦስቱን በአንድ ሺት ያዋህዱ፣ ዶሜኑን ብቻ ያስቀሩ፣ ድግግሞሹን ያስወግዱ፣ የቀሩትን እየከፈቱ ይዩ። ከዚያ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የማይታየውን ይፈልጉ፦ ስምዎን ጠቅሰው ሊንክ ያላስገቡ ገጾችን። የድርጅቱን ስም በትእምርተ ጥቅስ አድርገው ጉግል ላይ ይፈልጉት፤ በ«ሰ»ም በ«ሠ»ም፣ በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም፣ በላቲን ፊደል በሚጻፍባቸው መንገዶችም ሁሉ ይሞክሩ። አድራሻው «ቡራዩ» ወይም «ሱሉልታ» ብቻ ተብሎ የተጻፈባቸውን የቆዩ የንግድ ማውጫዎችም አይለፉ። ለገጹ ባለቤት አጭር መልእክት ልከው ስሙ ላይ ሊንክ እንዲጨምርበት ይጠይቁ።