በሐዋሳ ጓሮ በሽታ የሚቋቋም ኪያር

ኪያር፣ ብዙ ሰው ኩከምበር የሚለው፣ የዱባና የሐብሐብ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ አይችልም። ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ሐዋሳችን ከደጋ ከተሞች የተሻለ ትመቸዋለች።

ዋና ጠላቶቹ ሦስት ናቸው። ዝናቡ ሲበረታ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ማዕዘን ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩት ግራጫ ሻጋታ ይዟል። በበጋ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ይመጣል፣ ለዚህኛው ቅጠሉ መርጠብ እንኳ አያስፈልገውም። ሦስተኛው ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ተባይ) የምታዛምተው ሞዛይክ ቫይረስ ነው። እሱ የያዘው ተክል ስለማይድን ነቅሎ ማራቅ ነው። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ስለዚህ ቅጠል ቀጥፎ ይዞ የሚያሳዩት ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም።

የሚቋቋሙት ዝርያዎች ታሪክ በደንብ የተጻፈው አሜሪካ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ሙንገር ለዓመታት አዳቅሎ የማርኬትሞርን ዝርያዎች አወጣ። ከነሱ ማርኬትሞር 76 ሞዛይክ ቫይረስን፣ የፍሬ እከክንና ነጩን ዱቄት ይቋቋማል። ለዝናብ ጊዜው ሻጋታ የታወቀው ፖይንሴት ነበር፣ መቋቋሙን ያገኘው ከህንድ ከመጣ ኪያር ነው። ይሄ መቋቋም ለአሥርተ ዓመታት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ሻጋታው ራሱ ተቀይሮ መጣና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለውን ማሳ አጠቃው። የሚቋቋም ማለት ዘግይቶና ቀለል ብሎ የሚታመም ማለት ነው፣ ጨርሶ የማይታመም አይደለም። ዘር ሻጭ ሌላ ቢልዎት አይመኑት።

ስለዚህ አተካከሉ ከዘሩ እኩል ይመዝናል። ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ሐረጉን በገመድ ወደ ላይ አውጡት፤ ነፋስ ሲያገኝ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ውሃ ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ። ዱባም ሆነ ኪያር የነበረበት መደብ ላይ ለሁለት ሦስት ዓመት አትመልሱት።

ነጩን ዱቄት በውሃ የቀጠነ ወተት ያስታግሳል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚል ውስጥ በዝኩኒ ላይ የታተመ ጥናት ይደግፋቸዋል፣ እኔም ገና ሲጀምር ቢሞከር ጉዳት የለውም ባይ ነኝ።

ማርኬትሞር 76 ሃይብሪድ (ዘሩ በቀጣዩ ዓመት እናቱን የማይመስል ድቅል) ስላልሆነ ዘሩን ለቀጣዩ ዓመት ማስቀረት ይቻላል። ጤነኛ ከሆነው ተክል አንድ ፍሬ ሐረጉ ላይ ቢጫ እስኪሆን ይቆይ። ከዚያ ዘሩን ከነልጋጉ ሁለት ቀን ያህል ውሃ ውስጥ አቆይቶ ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ። አጠገቡ ዱባ ቢኖር ችግር የለውም፣ አይዳቀሉም። የጎረቤት ኪያር ካለ ግን ንብ ታዳቅለዋለች፤ ለዘር የምትፈልጉትን ሴት አበባ ከመፈንዳቷ በፊት በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጠዋት ላይ የዚያው ዝርያ ወንድ አበባ ቀጥፋችሁ አስነኳት፣ ከዚያ መልሳችሁ ሸፍኗት።