ከውጭ የሚመጡ የቆዩ የክላሲካል ሸክላዎች አስተሻሸግ

ከአገር አገር የሚሻገር የቆየ የክላሲካል ሙዚቃ ሸክላ ሁለት እሽግ አለው፤ አንዱ አሳታሚው ያዘጋጀው ሽፋን ሲሆን ሌላው ሻጩ ለጉዞ የሚጠቀልልበት ካርቶን ነው። ሸክላው የትና በግምት መቼ እንደታተመ በአመዛኙ ከሽፋኑ ስለሚታወቅ፣ ሰብሳቢዎች ሽፋኑን የዕቃው አካል አድርገው ይቆጥሩታል።

ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠሩትና በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች በአንድ ፊታቸው የሚይዙት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለነበር፣ አንድ ሲምፎኒ በርካታ ሸክላ ይፈጅ ነበር። እነዚህ እንደ ፎቶግራፍ መያዣ በተጠረዘ አልበም ውስጥ ይቀመጡ ነበርና ስሙ ለሙዚቃው ስብስብ ራሱ ቀረ። (ቢወድቁ ስለሚሰበሩ፣ «ሸክላ» የሚለው ስያሜ ከኋለኞቹ የቪኒል (የፕላስቲክ) ሸክላዎች ይልቅ ለእነርሱ ይስማማል።) የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1948 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውንና ረጅም ሙዚቃ የሚይዘውን ኤልፒ ካወጣ በኋላ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጠላ ሽፋን ሥዕሉንም ማብራሪያውንም የሚሸከም ሆነ።

ወደ ውጭ የሚላኩት ሽፋኖች የንግድ ስም ባለቤትነት አሻራ አለባቸው። በአሜሪካ «ዴካ» የሚለው ስም የሌላ ኩባንያ ስለነበር የእንግሊዙ ዴካ ሸክላዎቹን እዚያ «ለንደን» በሚል ስም ሸጠ። የሌላው የእንግሊዝ ኩባንያ የኢኤምአይ ታዋቂ የውሻ ምልክትም በአሜሪካ የአርሲኤ ቪክተር ኩባንያ ንብረት ስለነበር፣ ኢኤምአይ እ.ኤ.አ. በ1953 «ኤንጅል» በሚል ስም ወደ ገበያው ገባ። ከ«ለንደን» ሸክላዎች ብዙዎቹ በዚያው በእንግሊዝ የታተሙ ስለሆኑ፣ በዴካ ሽፋን የቀረበውን በውድ መግዛት ብዙ ጊዜ የስም ዋጋ መክፈል ነው።

በአሠራርም ልዩነት አለ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሽፋን ጠርዙ ወደ ጀርባ ታጥፎ የተጣበቀ ነው፤ የአሜሪካው የታተመ ወረቀት የተለጠፈበት ወፍራም ካርቶን ነው፤ የጃፓኑ ደግሞ «ኦቢ» የሚባል የወረቀት መቀነት ይታከልበታል። በሣጥን የሚሸጡ ኦፔራዎች የግጥሙ መጽሐፍ ከጎደለባቸው ዋጋቸው ይወርዳል።

አንዳንዱ እሽግ ራሱ ጎጂ ነው። ከለሰለሰ የፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራ መያዣ፣ ማለስለሻው ኬሚካል ወደ ሸክላው እየሰረገ የማይለቅ ጉም መሰል ጥላ ይተዋል፤ ሽፋኑን አጥብቆ የያዘ ስስ የፕላስቲክ መጠቅለያም ከጊዜ በኋላ ሸክላውን ሊያጣምመው ይችላል። ሸክላውን በቀጥታ የሚይዘው የውስጥ ከረጢት ፖሊኢትሊን ከሚባል ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

ለጉዞ ሲታሸግ ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ፣ በውስጥ ከረጢቱ እንዳለ ከሽፋኑ ጀርባ ይደረጋል፤ አለዚያ ካርቶኑ በተንገጫገጨ ቁጥር የሸክላው ጠርዝ የሽፋኑን መጋጠሚያ እንደ ቢላ ይቀደዋል። ከዚያ በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል ገብቶ ማዕዘኖቹ ከሣጥኑ ግድግዳ ይርቃሉ። ተከፍቶ የማያውቅ ሸክላ ግን እሽጉ ሳይቀደድ ከሽፋኑ ሊወጣ ስለማይችል፣ ሻጩ ከመላኩ በፊት ይከፈት ወይስ እንዳለ ይላክ ብሎ ገዢውን ይጠይቃል።