ስለ ቱቱ የሚነገሩ ስህተቶች፦ ከጦርነቱ በኋላ የባሌት ጉርድ ምን ሆነ?

«ባሌት» ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ከወገብ ላይ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነጭ ጉርድ ነው። ስሙ ቱቱ ነው። ለልጆች ልደት የሚገዛው ባለላስቲክ የመረብ ጉርድም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ዝምድናቸው ግን የሩቅ ነው። ስለ ዋናው ቱቱ ብዙ ይወራል፣ ከሚወራው ውስጥ ደግሞ የተሳሳተው ቀላል አይደለም። በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ዘመን ላይ ሲደረስ ነገሩ ሁሉ ይደበላለቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቱቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው»

አይደለም። ማሪ ታሊዮኒ በ1832 ፓሪስ ኦፔራ ላይ «ላ ሲልፊድን» ስትጨፍር የለበሰችው ከጉልበቷ ወርዶ ባቷ ላይ የሚደርስ፣ እንደ ደወል የተነፋ ስስ ቀሚስ ነበር። የእግር ሥራቸው የረቀቀ ጣሊያናውያን ዳንሰኞች ቀሚሱን ወደ ላይ ያሳጠሩት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ እግራቸው የሚሠራው በጨርቅ ተሸፍኖ ምን ይጠቅማቸዋል? ቪርጂኒያ ዙኪ በ1885 ሴንት ፒተርስበርግ ስትሄድ በዚህ ነገር ሩሲያውያኑን አስደንግጣለች። ያኔም ቢሆን ጉርዱ ወደ ታች ያዘነበለ ነበር። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዴጋን የትንሽ ዳንሰኛ ሐውልት በፎቶ ያየ ሰው ልብ ይበል፤ ጉርዷ ጭኗ ላይ ወርዶ ነው የሚታየው። ሰፌዱ፣ ማለትም ወገብ ላይ ጠፍጥፎ የሚቆመው፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። የታላላቆቹ ባሌቶች ሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ በሕይወቱ አላየውም።

«ቱቱ የሚለው ስም የመጣው ቱል ከሚባለው ጨርቅ ነው»

ድምፁ ስለሚመሳሰል ነው እንጂ፣ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ትርጉም ሌላ ነው። ፈረንሳውያን ከሕፃን ልጅ ጋር ሲያወሩ መቀመጫን የሚጠሩበት ቃል አለ፤ ከዚያ ነው የመጣው። ይህ ሁሉ ክብርና ጭብጨባ የተቸረው ልብስ ስሙ «ቂጥዬ» እንደማለት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

«ጦርነቱ ሲያልቅ ቱቱው ከሳጥን ወጥቶ ሥራው ቀጠለ»

ለንደንን እንይ። ኮቨንት ጋርደን የሚገኘው ሮያል ኦፔራ ሃውስ በጦርነቱ ዓመታት የሕዝብ መጨፈሪያ አዳራሽ ሆኖ ነበር፤ ወታደሮችና ኮረዶች ቅዳሜ ማታ እየተቃቀፉ ይጨፍሩበታል። የካቲት 20 ቀን 1946 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛና ቤተሰባቸው በተገኙበት እንደገና ሲከፈት የሳድለርስ ዌልስ ባሌት «የምትተኛዋ ውብ»ን አቀረበ። ማርጎት ፎንተን ልዕልት ኦሮራን ሆነች፤ መድረኩንና ልብሱን የነደፈው ኦሊቨር ሜሰል ነበር።

መድረኩ ላይ የታየው የቤተ መንግሥት ድሎት ነው። ከመድረኩ ውጭ ግን እንግሊዝ ልብስ በራሽን ነበር የምትገዛው። የልብስ ኩፖን የተጀመረው ሰኔ 1 ቀን 1941 ነው፤ የቀረውም መጋቢት 15 ቀን 1949 ነው። ጦርነቱ ካለቀ ወደ አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ተመልካቿ የታደሰ አሮጌ ካፖርት ለብሳ ተቀምጣ ነው ያንን ሁሉ ሽንሽን ያየችው። ስለዚህ የዚያን ጊዜው ቱቱ ከተትረፈረፈ ጨርቅ የተሰፋ ሳይሆን ጨርቅ በጠፋበት ከተማ ውስጥ ሰው ማየት የናፈቀው ነገር ነበር። ያው ዝግጅት በ1949 ኒው ዮርክ ሄዶ ቡድኑን በአንድ ሌሊት ታዋቂ አደረገው።

«የባሌት ልብስ የክርስቲያን ዲዮርን ፋሽን ተከተለ»

የፓሪሱ ልብስ ነዳፊ ዲዮር «ኒው ሉክ» የተባለውን ስብስብ ያሳየው የካቲት 12 ቀን 1947 ነው፤ ቀጭን ወገብ፣ ሰፊና ረጅም ጉርድ። የሮማንቲክ ቱቱ፣ ማለትም የታሊዮኒው ዓይነት ረጅም ቀሚስ፣ ቅርጽ ግን ያኔ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። በ1909 ፓሪስ ላይ የታየው የዳንስ ደራሲው የፎኪን «ሌ ሲልፊድ» (ከታሊዮኒው «ላ ሲልፊድ» የተለየ ሥራ ነው) ያንን ረጅም ነጭ ቀሚስ መልሶ የዘመኑ መነጋገሪያ አድርጎት ነበር። ብድር ካለ፣ የተበደረው የፋሽኑ ወገን ነው። በ1950ዎቹ ያሉትን የእራት ግብዣ ቀሚሶች ተመልከቱ፦ ከላይ ጥብቅ ያለ፣ ከወገብ በታች ደግሞ የመረብ ክምር። ፎንተን ራሷ የዲዮር ደንበኛ ነበረች።

«ጨርቁ ድሮም ዛሬም ያው መረብ ነው»

መረብ መሆኑስ እውነት ነው፤ ከምን ተሠራ ነው ጥያቄው። ከጦርነቱ በፊት ቱቱ የሚሰፋው በስታርች ከደረቀ ታርላታን ከሚባል የጥጥ ጨርቅ፣ ወይም ከሐር ቱል ነበር። ስታርች እርጥበት አይወድም። ላብ፣ የመብራቱ ሙቀት፣ የከተማው ጭጋግ ሲደራረብበት፣ በመጀመሪያው ትዕይንት ቀጥ ብሎ የቆመ ጉርድ መጨረሻው ላይ ይልመጠመጣል። ናይሎን በካልሲ መልክ ገበያ ላይ የዋለው በ1940 ነው፤ ወዲያው ጦርነቱ ወሰደውና ፓራሹትና ገመድ ሆነ። ወደ ሲቪሉ ሲመለስ ለልብስ ሰፊዎች የደረሰው ያለ ስታርች የሚቆም፣ ውሃ የማያልፈሰፍሰው መረብ ነው። ዛሬ የምናየው ቀጥ ያለ ቱቱ ዕዳው ለኬሚስት ጭምር ነው።

«ሽቦ ከሌለው አይቆምም»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ከሌላው ሁሉ ይጣፍጣልና።

ሰፌድ መሰሉ ቱቱ በመረቦቹ መካከል ክብ ሽቦ ይገባበታል። አንዲት ዳንሰኛ ብቻዋን ስትሆን ያምራል። ችግሩ ሲበዙ ነው። የአንዷ ጠርዝ የሌላዋን ሲነካ፣ ጉርዱ አንድ አካል ስለሆነ በአንድ በኩል ሲወርድ በሌላው በኩል ይነሳል። አሥር ሴቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ማዕበል ላይ እንዳለ ጀልባ ይሆናል። የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ቡድን የዳንስ ደራሲ ጆርጅ ባላንቺን ደግሞ «ሲምፎኒ ኢን ሲ» የተባለ ሥራ ነበረው፤ መጨረሻው ላይ ከሃምሳ በላይ ዳንሰኞች አንድ ላይ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ቡድኑ የሚጫወትበት የኒው ዮርክ ሲቲ ሴንተር መድረክ ሰፊ አልነበረም።

መፍትሔውን ያመጣችው ባርባራ ካሪንስካ ናት። በ1886 ካርኮቭ ተወልዳ፣ ጥልፍ ተምራ፣ በ1920ዎቹ ከሶቪየት ወጥታ ፓሪስ የገባች፣ ኋላም ኒው ዮርክ ሱቅ የከፈተች ሴት። ኢንግሪድ በርግማን ዣን ዳርክን ሆና በተጫወተችበት የ1948 ፊልም ከዶረቲ ጂኪንስ ጋር የኦስካር ሽልማት ተካፍላለች። በ1950 ለ«ሲምፎኒ ኢን ሲ» የሰፋችው ቱቱ ሽቦ የለውም። ስድስት ወይም ሰባት ድርብ መረብ ብቻ፣ አጠር ያለ፣ እያንዳንዱ ድርብ ከቀዳሚው በግማሽ ኢንች የሚረዝም። ድርቦቹም አንድ ላይ ጥብቅ ብለው አልተሰፉም፤ እዚህም እዚያም ላላ ባለ ስፌት ተያይዘዋል። የላላው ስፌት ነው ሚስጥሩ። ጉርዱ ሲነካ ይጎደጉድና ተመልሶ ይነፋል፤ ማዶው አይነሳም። ቅርጹ የፊት ፓውደር መቀቢያ ስለሚመስል በዚያው ስም ተጠራ። ዛሬ በየአገሩ ይሰፋል።

ስለ ጉርዱ ሲወራ የሚረሳው ከወገብ በላይ ያለው ነው። ካሪንስካ ጥብቅ የሚለውን የደረት ክፍል ከብዙ ቁራጭ ትገጣጥመዋለች፤ የጎኖቹን ቁራጮች በሰያፍ ትቆርጣቸዋለች። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይሳባል። ዳንሰኛዋ እንደልቧ ትተነፍሳለች። ባላንቺን ልብሳቸውን እሷ የሠራቻቸው ሥራዎቹ ለተቀዳጁት ስኬት ግማሹን ለእሷ ይሰጣት ነበር። እኔ በዚህ ሒሳብ ከእሱ ጋር ነኝ።

«ዘመናዊው ባሌት ቱቱን ጣለው»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው አስቸጋሪ የሚሆነው። ባላንቺን በ1946 «አራቱ ጠባያት»ን ሲያቀርብ ኩርት ሰሊግማን የነደፈው ልብስ ከባድ ነበርና ዳንሱን ዋጠው። በ1951 ልብሱን አስወልቆ ዳንሰኞቹን በልምምድ ልብስ አወጣቸው፤ «ኮንቸርቶ ባሮኮ»ም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው፤ «አጎን» በ1957 ገና ከመጀመሪያው በጥቁርና ነጭ ልምምድ ልብስ ነው የታየው።

ግን ይኸው ሰው በዚያው 1951 «ስዋን ሌክ»ን አቅርቧል፤ በ1954 ደግሞ «ነትክራከር»ን ከነሙሉ ሽንሽኑ። በ1967 የወጣው «ጁውልስ» ሁሉንም በአንድ ምሽት ያሳያል፦ ለ«ኤመራልድስ» ረጅሙ የሮማንቲክ ቱቱ፣ ለ«ሩቢስ» አጭር ቀይ ጉርድ፣ ለ«ዳይመንድስ» ክላሲኩ፣ አጭሩ ነጭ ቱቱ። የሦስቱንም ልብስ የሠራችው ካሪንስካ ናት። ሰውየው የጣለው ቱቱን ሳይሆን ሥራው የማይፈልገውን ልብስ ነው።

«የሴት ልብስ ነው»

በ1974 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው ሌ ባሌት ትሮካዴሮ ደ ሞንቴ ካርሎ ወንዶች ብቻ ያሉበት ቡድን ነው። ቱቱ ለብሰው በጣት ጫፍ ይጨፍራሉ፣ ያስቃሉ፣ ቴክኒካቸው ግን ቀልድ አይደለም።

«እያንዳንዷ ዳንሰኛ የራሷ ቱቱ አላት፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል»

ቱቱን ገልብጦ ውስጡን ያየ ሰው ሌላ ታሪክ ያነባል። ከጀርባ በኩል መንጠቆዎች ይደረደራሉ፤ መንጠቆው የሚገባባቸው ቀለበቶች ግን አንድ ረድፍ ብቻ አይደሉም፣ ሁለትና ሦስት ናቸው። ዛሬ ቀጭኗ፣ ነገ ሰፋ የምትለው ትለብሰዋለች ማለት ነው። ወገቡ ላይ በተሰፋችው ጥብጣብ የለባሾቹ ስም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ይደረደራል፤ አንዳንዱ ተሰርዞ፣ በላዩ ሌላ ተጽፎበት። ብዙ ሰዓት የወሰደ ስፌት ስለሆነ ለአንድ ሰው ብቻ አይተውም።

ማጠቡ ደግሞ መረቡንና ጌጡን ስለሚያበላሽ እምብዛም አይሞከርም። ጉርዱ በራሱ ክብደት እንዳይልመጠመጥ ተገልብጦ ይሰቀላል፤ ለላቡ ሽታ ደግሞ የልብስ ክፍል ሠራተኞች በመርጫ ጠርሙስ ቮድካ ይነፉበታል። ቮድካው ሽታ ሳይተው ይተናል፤ በእኛ አረቄ የሚሞክር ካለ ግን አዳራሹ ሁሉ የሚያውቅበት ይመስለኛል።