«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ማን ለማን የተናገረው ነው?

አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ሟች የድሮ ፒያሳ ሰው ናቸው። ሰፈራቸው በ2016 ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እድሩ ግን አልፈረሰምና እድርተኛው ከያለበት በታክሲና በአውቶቡስ መጥቷል። የሟች ልጅ ንፍሮ ታዞራለች፣ ወንበር ታስተካክላለች፣ ለገባው ሁሉ ጎንበስ ትላለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። አይ የዘንድሮ ልጅ!» አሉ።

ነገሩን ገልብጠውታል። ተረቱ ከልቡ ለሚያለቅስ ሰው የተሰጠ ማረጋገጫ ነው። ዓይኑ የደረቀ ሁሉ ልቡም ደርቋል የሚል ፍርድ ከየት መጣ?

ያደግሁት መንዝ ነው። አያቴ ለቅሶ ሲደርሱ እየተከተልኩ እሄድ ነበር። በመንገድ ላይ ሴቶቹ ስለ ገብሱ፣ ስለ በግ ዋጋ፣ ስለማትረባ ምራት ያወራሉ፤ ይስቃሉም። የለቅሶው ቤት ከጋራው ማዶ ብቅ ሲል ግን ሁሉም ቀጥ ይላሉ። ወገብ ይታሰራል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ከዚያ ከመካከላቸው አንዷ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ትጀምራለች። ቁልቁለቱን ወርደን ግቢው ስንደርስ የሁሉም ጉንጭ ርሷል። አንድ ቀን ስንመለስ «እማማ፣ አሁን ስለ በግ ስታወሩ አልነበር? እንባው ከየት መጣ?» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰው ለቅሶ ቤት ባዶውን አይሄድም፤ የራሱን ሟች ይዞ ነው የሚሄደው» አሉኝ። እሳቸው የሚይዙት በልጅነቱ የሞተባቸውን የበኩር ልጃቸውን ነበር። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ብሎ የጻፈውን እማማ በቃል አያውቁትም፤ ሥራውን ግን ከነአሠራሩ ያውቁት ነበር።

ሟቹ የተከበረ ሰው ከሆነ ለቅሶው ከግቢ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይደረጋል። ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ ልብሱና ጠመንጃው ይወጣል። መሐል ላይ የምትቆመው ሙሾ አውራጅ ዝም ብላ ግጥም የምትደረድር እንዳትመስላችሁ። ቀድማ ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው? ማንን አሳደገ? በመጨረሻ ምን አማረው? ከዚያ ስታወርደው ተቀባዮቹ ይቀበሏታል፣ ዘንጉን ተደግፎ የቆመው ሽማግሌም ሳያስበው ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሩቅ አገር የመጣ አማች ግን ይቸገራል። ሟቹን አያውቀው፣ ሰው ደግሞ ያየዋል። እንዲህ ያለው ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ዓይኑን ሲያብስ አይቻለሁ። ሁሉም አይተውታል፤ ማንም ምንም አላለም።

ለእኔ የሚመስለኝ ተረቱ የተወለደው እዚህ ሜዳ ላይ፣ ከሙሾ አውራጇ አፍ ነው፤ የተነገረውም ለዚያ ለተቸገረው አማች ነው። አንተ ልብህን ይዘህ ና፣ እንባው የራሱን መንገድ ያውቃል፣ ምራቁን ተወው ማለቷ ነው። ይህን አሳብ ያካፈልኩት አንድ የመጽሐፍ ሰው ግን ምንጩ ከገዳም ነው ብሎ ሞገተኝ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቅዱሳን ማዕረጋት፣ ማለትም ቅዱሳን የሚወጧቸው መንፈሳዊ ደረጃዎች፣ አሥር ናቸው፤ አራተኛው፣ ከንጽሐ ነፍስ (ከነፍስ ንጽሕና ደረጃዎች) የመጀመሪያው፣ አንብዕ ይባላል፤ በግእዝ እንባ ማለት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ፣ ሳይታገል እንባው እንዲሁ ይወርዳል። ይህ ከገዳም ወደ ባላገሩ ወርዶ ተረት ሆነ ነው ክርክሩ። ሁለቱን ማስታረቅ አይከብድም፦ የመንዝ ሙሾ አውራጅ የቄስ ልጅ ወይም የቄስ ሚስት ብትሆን ምን ይገርማል?

ሊቃውንቱ ሰውን ሲተነትኑ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት የሥጋ ባሕርያት ናቸው ይላሉ፤ ለነፍስ ደግሞ ለባዊነት (ማሰብ)፣ ነባቢነት (መናገር) እና ሕያዊነት (ሕያው መሆን) አሏት። እንባ ለእኔ እነዚህ ሰባቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ውሃው የሥጋ ነው፤ ያፈሰሰችው ግን የምታስበው ነፍስ ናት። በሬም ዓይኑ ያነባል፤ የጎረቤቱን በሬ ሞት አስቦ አይደለም። ስለዚህም ይመስለኛል ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 11 «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» የምትለውን አጭር ቃል ያላለፋት። አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን ያውቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ያስነሣዋል፤ ግን ማርያምን ስታለቅስ አይቶ አለቀሰ። አባቶች እንባውን የሰውነቱ፣ ማስነሣቱን የአምላክነቱ ምስክር አድርገው ያስተምራሉ፤ ያለቀሰውና ያስነሣው ግን አንዱ እርሱ ነው። እንባ ሰው የመሆን ጉድለት ቢሆን ኖሮ እርሱ ባልነካው ነበር።

«አማኝ አያለቅስም» እያሉ ሐዘንተኛ የሚገሥጹም አሉ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው፤ ማዘኑን አልከለከላቸውም። ጭራሹን ለቅሶ የተከለከለበት ጊዜ በከተማችን አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደበቀ፤ በአደባባይ ማልቀስም ተከለከለ። ዛሬ አስከሬናቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም አርፏል፤ እኛ ከተቀመጥንበት ድንኳን በእግር የሚደረስ ነው። ያን ጊዜ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንባውን ውጦ ሥራውን ሲሠራ የዋለ ስንት ሰው ነበር? እሱንስ ልብ አልነበረውም ልንለው ነው? በድንኳናችን ያለችው የሟች ልጅስ፣ ንፍሮውን ማን ያዙርላት? ሁሉም ሰው ሲሄድ፣ ድንኳኑ ሲነቀል የምታለቅስ ስንቷ ናት! እናታችን ይህን አላጡትም፤ ችኮላ ነው።

የባሰውን ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ሰማሁ። አሠልጣኙ ሽያጭ ሠራተኞችን ሰብስቦ «ከልብ ካለቀሳችሁ እንባ አይገድም፤ ኮታችሁን ያልሞላችሁት ከልባችሁ ስላልፈለጋችሁት ነው» ይላቸዋል። ተረቱን ለትጋት ማዋል የቆየ ነው፤ እሱስ ባልከፋ። ሰው ገበያ ስላጣ ልቡን መክሰስ ግን ሌላ ነው። ለሥራ ማነቃቂያ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ። ይህ ሁሉ እያለ የለቅሶ ቤቱን መርጦ ሳሙና ማሻሻጫ ማድረግ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?