ናቡቴ ለምን አልሸጠም?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ንጉሥ አክዓብ ናቡቴን የጠየቀው ነገር ላይ ላዩን ሲታይ ክፋት የለበትም። በ1ኛ ነገሥት 21 እንደተጻፈው የወይኑ ቦታ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነበረና የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ፈለገ። በምትኩ የተሻለ የወይን ቦታ፣ ካልሆነም የዋጋውን ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለው። በዛሬ አነጋገር ልማት፣ ምትክ ቦታና ካሳ ቀረበለት ማለት ነው። ናቡቴ በዋጋው አልተከራከረም፤ የአባቶቼን ርስት አሳልፎ ከመስጠት እግዚአብሔር ይጠብቀኝ ብሎ እምቢ አለ። በዘሌዋውያን 25፥23 ምድሪቱ የእኔ ናት፣ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ያለውን ጌታ የሚፈራ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊመልስ ይችላል?

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ረግረግ ልናገር ስለ ፈለግሁ ነው። ረግረግን ባዶ መሬት ብለን መጥራት ለምደናል። ነገር ግን የጎርፉን ጉልበት የሚሰብር፣ ቆሻሻውን የሚያጣራ፣ ምንጮችን የሚመግብ እርሱ ነው። ከ1970 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ ከዓለም ረግረጋማ ቦታዎች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። እነዚህን ቦታዎች ለመጠበቅ አገሮች በ1971 እ.ኤ.አ. በኢራን ራምሳር ከተማ ስምምነት ቢፈራረሙም፣ ፊርማው ብቻውን አፈር የጫነውን መኪና አያቆምም። በየቦታው እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

በአውስትራሊያ የሞርተን ባሕረ ሰላጤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ስምምነት መዝገብ ላይ ይገኛል። ሆኖም በዳርቻው በቱንዳ ወደብ በሺህ የሚቆጠሩ መኖሪያ ቤቶችና የጀልባ ማቆሚያ ለመሥራት ታቅዶ ነበር። ያ ጭቃ የምሥራቅ ከርሊው የምትባል ረጅም ቆልማማ መንቁር ያላት ወፍ ማዕድ ነው። ይህች ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ስትሆን፣ ለመራባት እስከ ሩሲያ ምሥራቃዊ ክፍል ትበርራለች፤ ለዚያ ጉዞ የሚሆናትን ስብ የምታከማቸው ከጭቃው ሸርጣን እየለቀመች ነው። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ታንያ ፕሊበርሴክ ዕቅዱን ለመከልከል ማሰባቸውን አስታወቁ፤ ኩባንያውም ማመልከቻውን ሳበ። ምትክ ቦታ ይሰጣት የሚል ሰው ቢኖር፣ ሌላው ዳርቻ የሌሎች ወፎች ማዕድ መሆኑን ልብ ይበል። ኤርምያስ በምዕራፍ 8፥7 የሰማይ ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ ያውቃሉ፣ ሕዝቤ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ አላወቀም ብሎ አልቅሷል። ጊዜዋን ጠብቃ የመጣች ወፍ ማረፊያዋ ተደፍኖ ብታገኘው ፍርዱ በማን ላይ ነው?

አንዳንድ ምእመናን ምድርን ግዟት የሚለውን ቃል ይጠቅሳሉ። አዎን፣ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ፣ ሰው ከመፈጠሩ አስቀድሞ፣ በአምስተኛው ቀን እግዚአብሔር ዓሦችንና ወፎችን ባርኳል፤ ብዙ፣ ተባዙ ብሏቸዋል። ያልተሻረ በረከት ነው። መግዛታችን የእርሱን በረከት የሚያፈርስ ከሆነ በማን ስም እየገዛን ነው?

ቤት ያጣ ሰው ጩኸት ከወፍ ድምፅ በታች ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ረግረግ ሲደፈን ውኃው አይጠፋም፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፣ በዝቅተኛው ቦታ የሚኖረውም ብዙ ጊዜ ድሃው ነው። ስለዚህ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5፥8 ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ ቤትን ከቤት ጋር በሚያያይዙት ላይ የተናገረው ወዮታ ለድሃውም ጭምር የቆመ ነው። ቤት ይሠራ፤ ውኃው የእኔ ነው በማይልበት ደረቅ መሬት ላይ ይሠራ።

ከእናንተ መካከል መሬት ያላችሁ፣ በምክር ቤት የተቀመጣችሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ቦታ የምትመርጡ አላችሁ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት በዝናብ ወቅት ሄዳችሁ ቦታውን እዩት፤ በዚያ የሚፈለፈለውንና የሚያርፈውን የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ። ረግረግ ከሆነ አትፈርሙ። ናቡቴ እምቢታውን በሕይወቱ ከፍሏል፤ እኛን የሚያስከፍለን ምናልባት የአንድ ሽያጭ ትርፍ ወይም የወዳጅ ኩርፊያ ይሆናል። ይህንን ብቻችሁን እንዳትሸከሙት ጉዳዩን ወደ ጉባኤ አምጡት፤ አብረን እንጸልይበት፣ እምቢ የምትሉበት ቀን ሲመጣም አብረናችሁ እንቁም።