ፕሪስክሪን ምንድን ነው? ያለፈ ሁሉ አልገባም

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በየቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን አንድ ዓይነት ብስራት ይዞራል፦ «ልጃችን ሚሺጋን ገባች!» ከሥሩ እልልታው፣ አበባው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»ው ይከተላል። ደብዳቤውን ጠጋ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ልጅቷ ፕሪስክሪን አልፋለች፤ ኦዲሽን፣ ማለትም መምህራን ፊት ችሎታዋን የምታሳይበት ፈተና፣ እንድትቀርብ ተጠርታለች። ደስ የሚል ዜና ነው፤ መግባት ግን አይደለም። እንዲያውም ዋናው ፈተና ገና አልተጀመረም።

ሚዩዚካል ቲያትርን (ዘፈን፣ ዳንስና ትወና የተዋሃዱበትን ቲያትር) በቢ.ኤፍ.ኤ. (የኪነ ጥበብ የመጀመሪያ ዲግሪ) ደረጃ የሚያስተምሩ የአሜሪካ ኮሌጆች በዓመት የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 25 ተማሪ ነው። አመልካቹ በብዙ መቶ ይቆጠራል፤ ስመ ጥር በሆኑት ደግሞ ከሺህ ያልፋል። ይህን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ ክፍል አስገብቶ መስማት ስለማይቻል አስቀድሞ አጫጭር ቪዲዮ ይጠየቃል፦ ዘፈን፣ ሞኖሎግ (ከተውኔት የተወሰደ የአንድ ሰው ንግግር)፣ ብዙ ቦታ ዳንስም። መምህራኑ ያዩትና «ይምጣ» ወይም «አይምጣ» ይላሉ። ፕሪስክሪን ይኸው ነው።

ለእኛ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ከሽምግልና የተሻለ ምሳሌ የለም። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ዕለት «ሰጥተናል» አይባልም። «እንመካከርበት፤ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይባላል። ፕሪስክሪን ማለፍ ያቺ «ተመለሱ» ናት። በሩን ያልዘጉት ልጁን ስለወደዱት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ለማወቅ ገና ጥያቄ ስላላቸው። ከዚህ ተነሥቶ ድንኳን የሚከራይ አባት የለም። በመጀመሪያው ቀን የሚላከው ሽማግሌም ንጹሕ ለብሶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ጉዳዩን በአጭሩ ተናግሮ ይወጣል እንጂ በሬ ጎትቶ፣ አዝማሪ አስከትሎ አይሄድም። ቢሄድ ቤተሰቡ የሚጠይቀው «ይህ ሁሉ ምን ለመሸፈን ነው?» ብሎ ነው።

ይህን የምለው ስለ ፕሪስክሪን በየገጹ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው «ስቱዲዮ ተከራዩ፣ ሦስት ካሜራ አቁሙ፣ ድምፁን ባለሙያ ያሳምረው፤ ያለዚያ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ሲል ስላየሁ ነው። ምክሩ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ይጎዳል። አብዛኞቹ ኮሌጆች በግልጽ የሚጠይቁት ያልተቆራረጠ፣ በአንድ ቅጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ማስተጋቢያ የተጨመረበት ወይም ቅኝቱ በኮምፒውተር የተስተካከለ ድምፅ ሰሚው ወዲያው ያውቀዋል። የልጁን ትክክለኛ ድምፅ ሊሰማ የፈለገ መምህር ደግሞ የሚሰማው የማሽኑን ሥራ ሲሆን ቀጣዩን ይከፍታል። ስልክ ይበቃል። አግድም የተያዘ፣ በመቆሚያ ላይ የተቀመጠ ስልክ። እናት በእጇ ከያዘችው ይንቀጠቀጣል፤ ልጅም በእናቱ ፊት የፍቅር ዘፈን ሲዘፍን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹ ኮሌጆች «ሚዩዚካል ቲያትር ኮመን ፕሪስክሪን» በሚባል የጋራ መስፈርት ይሠራሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ከመስፈርቱ ውስጥ የሚፈልገውን አማራጭ ይመርጣል። በጥቅሉ ሁለት ተቃራኒ ስሜት ያላቸው ዘፈኖች፣ እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፤ አንድ ወይም ሁለት ሞኖሎግ በተመሳሳይ ርዝመት፤ አጭር ዳንስ፤ አንዳንዴም «ዋይልድ ካርድ» የሚባል፣ ልጁ የፈለገውን የሚያሳይበት እስከ አንድ ደቂቃ የሚደርስ ቪዲዮ። ከዘፈኖቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተጻፈ እንዲሆን የሚጠይቁ አሉ። የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ፤ በእኛ 1962 እና 1963 መሆኑ ነው። የካሜራው ርቀትም ይለያያል፦ ብዙውን ጊዜ ለዘፈን ከጉልበት በላይ፣ ለሞኖሎግ ከደረት በላይ፣ ለዳንስ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ። በዳንስ ቪዲዮ እግር የተቆረጠበት ልጅ ምንም ያህል ቢደንስ አልታየም።

መስፈርቱ የጋራ ነው ማለት ግን አንድ ጥቅል ሠርቶ ለሁሉም መበተን ይቻላል ማለት አይደለም። አንዱ ኮሌጅ አንድ ሞኖሎግ ሲጠይቅ ሌላው ሁለት ይላል፤ አንዱ ዳንሱን ራሱ ቀርጾ በላከው እንቅስቃሴ ያዛል፤ ዋይልድ ካርድ የማይቀበልም አለ። በየኮሌጁ አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሳይሠሩ መጀመር ኋላ ነሐሴ የተቀረጸውን ጥቅምት ላይ እንደገና መቅረጽን ያመጣል። ሠንጠረዡ ውስጥ የዘፈን አማራጭ፣ የሞኖሎግ ብዛት፣ የዳንስ ዓይነት፣ የካሜራ ርቀት፣ የማስገቢያ ድረ ገጽና ቀን ይግባ። የቀኑ ዓምድ ሁለት ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ድምፁ። ብዙ ጥሩ ዘፋኝ የሚወድቀው እዚህ ነው። አጃቢው የፒያኖ ቅጂ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኋላው ዜማውን የሚመራ ሌላ ድምፅ ያለበት የካራኦኬ ቅጂ አይሆንም። ቅጂውን የሚያጫውተው ድምፅ ማጉያ ከስልኩ አጠገብ ከተቀመጠ ስልኩ የሚሰማው ፒያኖውን እንጂ ልጁን አይደለም። ማጉያው ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ ወደ ዘፋኙ ጎን ይቀመጥ፤ 10 ሰከንድ ተቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ ይፈተሽ፤ ድምፁ ከፒያኖው በግልጽ መብለጥ አለበት። ሁለተኛው ችግር የስልኩ ማይክሮፎን ራሱን በራሱ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው። ልጁ ከፍ ያለውን ኖታ ሲለቀው ድምፁ ይፈነዳል ወይም ይታፈናል። መፍትሔው ልጁን «ቀስ ብለህ ዝፈን» ማለት አይደለም፤ ስልኩን ሁለት ሦስት እርምጃ ማራቅ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ሳሎን ባዶ ግድግዳ ካለው አዳራሽ ይሻላል። በነገራችን ላይ ለዳንሱ ግን ምንጣፉ ይነሣ፤ ምንጣፍ ላይ መሽከርከር ጉልበት ያጣምማል።

የድምፅ አስተማሪ ሳይጠየቅ የሚናገረው ነገር አለና ልናገር። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። በአንድ ከሰዓት 20 ጊዜ እየደገሙ ማስዘፈን ጉሮሮ ማቁሰል ነው፤ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው በኋላ የሚመጣው ቅጂ በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ይብሳል። ዘፈኑ ሌላ ቀን፣ ሞኖሎጉ ሌላ ቀን። የተመረጠው ዘፈን ልጁ በጉንፋን ቀን እንኳን የሚደርስበት ይሁን፤ በጥር በብርድ ሌላ ከተማ ሄዶ በአካል የሚደግመው ይህንኑ ሊሆን ይችላልና። ቪዲዮው ላይ አንዴ በዕድል የወጣች ከፍተኛ ኖታ በኦዲሽኑ ክፍል ውስጥ ዕዳ ትሆናለች።

በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ላደጉ ልጆች አንድ ልጨምር። ኅብረ ዜማ መስማትና ግጥም በቃል መያዝ ትልቅ ሀብት ነው። ቅላጼው ግን በጥንቃቄ ይያዝ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተጻፈ የብሮድዌይ ዘፈን እያንዳንዱን ኖታ ማወዛወዝ ቃሉን ይበላዋል፤ ሰሚዎቹ ደግሞ ከዜማው እኩል የሚያዳምጡት ቃሉን ነው። ያን ቅላጼ፣ ወይም እስክስታውን፣ ወይም ክራሩን የሚያወጡበት ቦታ ዋይልድ ካርዱ ነው። እዚያ ላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ 40 ሰከንድ በደንብ የተመታ እስክስታ ራሱን ያስረዳል።

ሞኖሎጉ ከታተመ ተውኔት ይወሰድ፣ ተናጋሪው በልጁ ዕድሜ አካባቢ ይሁን። ከኢንተርኔት የተለቀመ ባለቤት የሌለው ሞኖሎግ፣ ራስ የጻፉት፣ ከፊልም የተቀዳ፣ እነዚህን ብዙዎች አይቀበሉም። ዓይን ካሜራው ውስጥ አይገባም፤ ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ጎን ላይ ያርፋል። ስም የሚነገርበት መተዋወቂያ ላይ ብቻ ወደ ሌንሱ ይታያል። በዚህ ይብቃን።

ወደ «ገባች» እንመለስና፣ ሽምግልናው ላይ ሌላ ወገንም አለ። አባት ሺህ ጊዜ ቢስማማ የእናት ወገን ካልተጠየቀ ነገሩ አይጸናም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሚሺጋንን ጨምሮ፣ የሚዩዚካል ቲያትር ክፍሉና የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቅበላ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። በኦዲሽን የተመረጠ ልጅ በነጥቡ ሊወድቅ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎ ክፍሉ ይከለክላል። ያኔ ልጁ ሌላ ትምህርት መርጦ መግባት ይችል እንደሆነ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ ከማመልከቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ምሳሌዬ የሚሰበረው ግን እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ወር ለ15 ቤት ሽማግሌ የላከ ጎረምሳ በአገራችን ዱላ ነው የሚጠብቀው፤ እዚህ ግን 15 ኮሌጅ ማመልከት የተለመደ ነው። ከእነዚያ ውስጥም ፕሪስክሪን የማይጠይቁ፣ ኦዲሽንም የሌላቸው የቢ.ኤ. (ሰፋ ያለ ትምህርት የሚሰጥበት የመጀመሪያ ዲግሪ) ክፍሎች ጥቂት ይኑሩበት። (ጁሊያርድን በዝርዝሩ የሚያስገቡ ወላጆች፦ እዚያ የትወና ዲግሪ አለ፤ የሚዩዚካል ቲያትር የለም።)

ሁለቱ የቀን ዓምዶች ያስፈለጉት በዚህ የተነሣ ነው። ፕሪስክሪኑ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አክሰፕትድ ወይም ስላይድሩም በሚባሉ የኢንተርኔት መድረኮች በኩል ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ኮሌጆች በሚጋሩት የማመልከቻ ድረ ገጽ በኮመን አፕ፣ እሱም በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። አንዳንዱ ኮሌጅ ማመልከቻው አስቀድሞ ካልገባ ቪዲዮውን አይከፍትም፤ ሌላው ቪዲዮውን አይቶ «ይምጣ» ካለ በኋላም ማመልከቻው እስኪገባ የኦዲሽን ቀን አይሰጥም። ቪዲዮው ያለፈለት ልጅ ቀን ያጣው በዚህ ነው። ክፍያውም ሁለት ነው፤ የኮመን አፕ ክፍያ ነፃ የተደረገለት ልጅ የቪዲዮ መድረኩ ክፍያም አብሮ የተነሣለት ይመስለዋል። ለዚያ ክፍሉን ለብቻው በኢሜይል መጠየቅ አለበት፤ የሚጽፈውም ልጁ እንጂ አባቱ አይደለም።

የእኛን ቤተሰቦች በተለይ የሚያስቸግረው ስም ነው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት፤ ትምህርት ቤት ሁለቱን አያይዞ ጽፎታል። መድረኮቹ ፋይሎችን የሚያገናኙት በስም፣ በልደት ቀንና በኢሜይል ነው። ስሙ ካልገጠመ ቪዲዮው አንድ ቦታ፣ ነጥቡ ሌላ ቦታ ይቀራል፤ ፋይሉ «አልተሟላም» ተብሎ ይተኛል። ፓስፖርት ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ካለው አንዱን መርጦ በሁሉም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት መጻፍ፣ ኢሜይሉንም የልጁን አንድ አድራሻ ማድረግ። በወላጅ ኢሜይል የተከፈተ መለያ መልሱን ለወላጅ ይልካል፤ ወላጁ የማስታወቂያ መልእክት መስሎት ያልፈዋል።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ልጅ መስፈርቱ ያው ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ቀጣዩን ኦዲሽንም በኢንተርኔት ያደርጋሉ። ቪዲዮው በ1080 ፒ ይቀረጽ። በ4 ኬ የተቀረጸ ፋይል ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ሲጫን ይቋረጣል፣ ለተመልካቹም የሚጨምርለት ነገር የለም። የማስገቢያው ሰዓት በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነም ይታይ፤ በኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ማለት አዲስ አበባ ነግቷል።

«ይምጣ» የሚለው መልስ የመጣ ዕለት የሚሠራው ሥራ አጭር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥ። መጀመሪያ የኦዲሽን ቀን ይያዝ፤ ቀኖቹ ቀድሞ ለደረሰ የሚሰጡ ናቸውና በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ያሉት ቶሎ ያልቃሉ። ቀጥሎ ቦታው ይመረጥ፦ በኮሌጁ ግቢ፣ በኢንተርኔት፣ ወይም ብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ ተሰብስበው በኒውዮርክ፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ በሚያደርጉት «ዩኒፋይድ» ኦዲሽን። ሦስት አራት ኮሌጅ የጠራው ልጅ በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ሁሉንም ይጨርሳል፤ ብቻ በሁለት ኦዲሽን መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተው፤ ወረፋው ሁልጊዜ ይዘገያል። የመጨረሻው መልስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ ለሌላው ኮሌጅ የቀረውን ፕሪስክሪን ማስገባት አይቁም።